ቤልጅግ፣ ጠላና ዳኝነት

ቤልጅግ ሲባል ለአያቶቻችን ወዲያው ትዝ የሚላቸው አገር አይደለም፤ ጠመንጃ ነው። ምንሽር፣ አልቢን፣ ውጅግራ እያሉ ሲቆጥሩ ቤልጅግን ከፊት ያሰልፉታል፤ በፉከራውም በቀረርቶውም ስሙ አለ። ለታሪክ ተማሪ ደግሞ ቤልጅግ እ.ኤ.አ. በ1930 የክብር ዘበኛን ሊያሠለጥን የመጣ የመኮንኖች ቡድን ነው። በ1941 ደግሞ ከኮንጎ ተነሥቶ በአሶሳና በጋምቤላ በኩል የገባ፣ ደምቢ ዶሎ ላይም የኢጣልያኑን ጄኔራል ጋዜራን እጅ ያሰጠ ጦር ነው፤ ጦሩ ቤልጅግ ይባል እንጂ ወታደሩ ኮንጎዊ ነበር። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ቤልጅግ ግን ከጠመንጃም ከጦርም የራቀ ነው፤ በጠርሙስ የመጣ ቢራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ብራስልስ የሚኖር የአንዳችን አጎት ባለፈው ክረምት ሲመጣ ሁለት ጠርሙስ ቢራ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣና “እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ቅመሱና ፍረዱ” ብሎ ሰጠን። አምስት ነን። ሁላችንም የንፋስ ስልክ ላፍቶ ልጆች ነን፤ ሁለታችን ጀሞ፣ አንዳችን መካኒሳ፣ አንዷ ጎፋ፣ አንዱ ላፍቶ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባው ቴሌግራፍ ነው ይባላል፤ ከሩቅ የሚመጣ ወሬ በነፋስ ሲደርሰው የኖረ ሰፈር ማለት ነው። ሁላችንም 21 ዓመት ሞልቶናል። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከዚያ ዕድሜ በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላልና።

“ቅመሱ” የሚለው ቀላል ነበር። ያስቸገረን “ፍረዱ” የሚለው ነው። በምን እንፍረድ? ዳኛ ሕግ ይፈልጋል፤ ሕግ ደግሞ ታሪክ አለው። ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ስንፈልግ ያገኘነውና የደረሰብን ነው።

1. የሃምሳው ነጥብ

በመጀመሪያ ወደ ውጭው ዓለም ሕግ ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የቢራ ዳኞችን የሚፈትንና የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ድርጅት ተቋቋመ። የዚህ ድርጅት ዳኛ ፊቱ አንድ ወረቀት ይቀመጥለታል፤ ድምሩ 50 ነጥብ ነው። ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ 10። ነገሩን ስናየው ከፈተና ወረቀታችን ብዙም አይለይም፤ ተማሪ ይወደዋል። ልብ በሉ፣ መልክ 3 ብቻ ነው። እኛ አገር ሙሽራ ሲመረጥም እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነበር አለች ጎፋዋ ጓደኛችን።

ይሁንና ይህ ወረቀት አንድ ትልቅ መሠረት አለው። ቢራ የሚዳኘው “ደስ አለኝ” ወይም “አላለኝም” ተብሎ አይደለም፤ በወገኑ ነው። እያንዳንዱ የቢራ ወገን ምን መሽተት፣ ምን መምሰል፣ ምን ያህል መምረር እንዳለበት በጽሑፍ ተቀምጧል፤ ዳኛው ብርጭቆውን ከጽሑፉ ጋር ያስተያያል። እንግዲህ በጽሑፍ ያልተቀመጠ ወገን ዳኛ የለውም ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

2. የመነኮሳቱ ጠርሙስ

በእጃችን ያለው ጠርሙስ ዌስትማለ ከሚባል የቤልጅግ ገዳም የወጣ ነው፤ ወገኑ ትሪፕል ይባላል። አልኮሉ ከመቶ 9.5 ነው፤ ከእኛ አገር የፋብሪካ ቢራ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የገዳሙ መነኮሳት ትራፒስት ይባላሉ። በእጃቸው ሠርተው እንዲኖሩ ሥርዓታቸው ያዛል፤ አንዱ አይብ ይሠራል፣ አንዱ ዳቦ ይጋግራል፣ አንዱ ይጠምቃል። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በዚያ አገር ብዙ ገዳማት ተዘርፈው ተዘግተው ነበር፤ ዌስትማለ መጥመቅ የጀመረው ከዚያ መዓት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። ትሪፕል የሚለውን ስም ለዚህ ነጣ ያለ ጠንካራ ቢራ የሰጠው ደግሞ በ1934 ነው። ዛሬ በዚያ ማኅበር ምልክት ለመሸጥ ቢራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ መጠመቅ፣ በመነኮሳቱ ቁጥጥር ሥር መሆን፣ ትርፉም ለገዳሙ መኖሪያና ለምጽዋት መዋል አለበት።

ቢራው ይህን ያህል ለምን ጠነከረ? አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ኤሚል ቫንደርቬልደ የተባለው የሶሻሊስት ሚኒስትር፣ ሠራተኛው በአረቄ አለቀ ብሎ፣ በመጠጥ ቤቶች አረቄ እንዳይቀዳ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ጠጪው ታዲያ መጠጣቱን አልተወም፤ ጠንከር ያለ ቢራ ፈለገ፤ ጠማቂውም ሰጠው። ሕጉ እስከ 1980ዎቹ ቆየ። መጠጥን ለመቀነስ የወጣ ሕግ በዓለም የታወቀ መጠጥ እንዲስፋፋ ረዳ። የታሪክ መምህሮቻችን ያልታሰበ ውጤት የሚሉት ይህን ነው።

ከሕግ በፊትም ሌላ ታሪክ አለ። ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ ከመለመዱ በፊት በዚያ አገር ቢራ የሚጠመቀው ግሩት በሚባል የቅጠላ ቅጠል ቅልቅል ነበር። ግሩት የመሸጥ መብት የጌቶች ስለነበረ ጠማቂው ሁሉ ግብር ይከፍልበታል። ብሩዥ ከተማ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆመው የግሩትሁዝ ቤተ መንግሥት ከዚሁ መብት በከበረ ቤተሰብ ስም ይጠራል። እኛ ጌሾ የምንለው አለን፤ እነሱ ግሩት ነበራቸው፤ ኋላ ሆፕ መጣ። ሁሉም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ጣፋጩን ብቅል በምሬት ያስታርቃሉ፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ይጠብቃሉ።

ከሁሉ የገረመን ግን ላምቢክ የሚባለው የብራስልስ አካባቢ ቢራ ነው። ለዚህ ቢራ እርሾ አይጨመርለትም። ትኩሱ ጭማቂ በሰፊ ገበታ ላይ ሌሊቱን ክፍት ሆኖ ያድራል፤ በአየሩና በቤቱ ጣራ፣ ኋላም በበርሜሉ እንጨት ውስጥ የሚኖሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ገብተው ያፈሉታል። ከዚያ በርሜል ውስጥ አንድ ዓመትም ሦስት ዓመትም ይተኛል። ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ክብሩ ነው። ጠላም እኮ እንዲሁ ነው! የጠላ እርሾ ከጌሾው ቅጠል፣ ከብቅሉ፣ ከጋኑ ግድግዳ ነው የሚመጣው። ጠላ ውስጥ የአልኮሉም የመኮምጠጡም ነፍሳት አብረው እንደሚሠሩ በላቦራቶሪ ተጠንቷል። የቤልጅግ የቢራ ባህል እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

3. በእኛ አገር ማን ቀመሰ?

የእኛስ የመቅመስ ታሪክ? ግእዝ ለጠጅ ሜስ፣ ለጠላ ስዋ የሚል ስም አለው፤ ትግርኛው ስዋን እስከ ዛሬ ይዞታል። ኦሮሞው ፋርሶ ይላል፤ ደቡቡ ቦርዴ አለው፤ ጎንደር አካባቢ ኮረፌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ስለ ማሩም ስለ ገብሱም መጠጥ ጽፏል። ጠጅ የመኳንንት፣ ጠላ የሕዝብ ነበረ ብንል ብዙ አንሳሳትም።

በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግብር ላይ መቅመስ ሥራ ነበር። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ትንሽ መዳፉ ላይ ያፈሳል፤ ከመዳፉም ይጠጣል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመጡ ተጓዦች ይህን እያዩ ጽፈዋል። የዚያ ቀማሽ ዳኝነት ስለ ጣዕም አልነበረም፤ ጥያቄው “መርዝ አለው የለውም?” የሚል ብቻ ነው። መልሱንም በገዛ ሕይወቱ ይሰጣል። እንግዲህ በዓለም ላይ ከሃምሳው ነጥብ የከበደ ፈተና የተፈተኑት የእኛ አሳላፊዎች ናቸው።

የጣዕሙ ዳኝነትስ የማን ነበር? የጠማቂዋ ነበር። ጥንስስ የጣለችው፣ ድፍድፉን የደፈደፈችው፣ ጋኑን ገልጣ በጣቷ ነክታ “ገና ነው” ወይም “ደርሷል” ያለችው ሴት ናት ዳኛዋ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ ከየገጠሩ የመጣች ስንት ሴት ናት በጋንና በጣሳ ልጅ ያሳደገች! እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ ደጇ ላይ ያቆመች ሴት ንግድ ከፍታለች ማለት ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ስለ ግብሩ ብዛት ይጽፋል እንጂ ጠማቂዋን በስም አያነሣም። ከዚያም አልፎ ኅብረተሰቡ ይንቃት ነበር። “የጠላ ሻጭ ልጅ” ስድብ ሆኖ ኖሯል። ጠላዋን እየጠጡ እሷን መናቅ እንዴት እንደሚቻል እስከ ዛሬ ሊገባን አልቻለም፤ ግን ተችሏል።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1922 ተቋቋመ፤ “ቢራ” የሚለውን ቃል ራሱን ከጣልያንኛው ወሰድነው። በ1960ዎቹ ሰበታ ላይ ሜታ ተከተለ። በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ቢራውም የመንግሥት ሆነ። ብቅሉን አገር ውስጥ ለማምረት በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ቆመ። ኋላ ደግሞ ንፋሱ ዞረና ፋብሪካዎቹ ለውጭ ኩባንያዎች ተሸጡ፤ ጊዮርጊስ ለፈረንሳዮቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በደሌና ሐረር ለሆላንዶቹ ሄኒከን፣ በ2012 ሜታ ለእንግሊዞቹ ዲያጆ፤ ሜታ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ፈረንሳዮቹ እጅ ገባ። ቤልጅጎችም አልቀሩም። ጉራጌ ዞን ጉብሬ ላይ የተሠራውን የዘቢዳር ቢራን ዋና ድርሻ ይዞ የገባው ዩኒብራ የቤልጅግ ኩባንያ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ትልቅ የብቅል ፋብሪካ ያቋቋመው ቦርትማልትም መሥሪያ ቤቱ አንትወርፕ ነው።

ፋብሪካ ቢራ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነው እንዲሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1876 ፓስተር ስለ ቢራ መበላሸት መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ አንዲትን የእርሾ ዘር ለብቻዋ ለይቶ አበዛ። ከዚያ ወዲህ ጠማቂ የሚፈልገውን እርሾ ብቻ አስገብቶ ሌላውን ማስወጣት ቻለ። ትልቅ ድል ነው፤ አንክድም። ግን ድሉ ከእሱ ጋር አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያልሆነ ሁሉ የተበላሸ ነው የሚል። ይህ ሐሳብ ነው ጠላን ወደ ጓሮ የገፋው።

4. ላፍቶ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ

ጠርሙሱን የት እንክፈት ስንባባል አንዱ ዶርም አለ፣ አንዱ ድራፍት ቤት አለ። የላፍቶው ጓደኛችን ዝም ብሎ ቆየና “እናቴ ጋ እንሂድ” አለ። ሦስት ዓመት አብረን ተምረናል፤ ቤቱ ሄደን አናውቅም። እናቱ “ነጋዴ” እንደሆነች ነበር የምናውቀው። “ምን ትነግዳለች?” ብለን የጠየቅነውም ያን ቀን ነው። “ጠላ ትሸጣለች” አለ፤ ፊቱን አዙሮ። ማናችንም ምንም አላልንም። ዝም ማለታችን ጥሩ ይሁን መጥፎ አሁንም አናውቅም።

ቤቷ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው፤ ደጁ ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት አለ። እትዬ (ስማቸውን አንጽፍም) በምድጃው አጠገብ ገንቦ በግራዋ እያጠቡ ነበር። “እናቴ፣ ጓደኞቼ ናቸው” አላቸው። “ኧረ ግቡ ልጆቼ፣ ምነው እስከ ዛሬ!” አሉን። የልጁን ፊት ያኔ ያላየ ሰው ይህ ጽሑፍ ስለ ቢራ ይመስለዋል።

ነገሩን አስረዳናቸው። ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉት። “አተላ አለው” አሉ። እኛ ደንግጠን “ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?” አልን። “አተላ የሌለው መጠጥ የሞተ ነው፤ ይሄ በሕይወት አለ” አሉን። ልክ ናቸው! የዚህ ቢራ እርሾ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ እንዲፈላ ሆነ ተብሎ ይተዋል፤ ደለሉ የሚቀረው ከዚያ ነው። እኛ ይህን ከወረቀት አንብበን ነበር፤ ስናየው ግን አላወቅነውም።

ብርጭቆ አቀረብን። አሽትተው መለሱልን፤ “በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አላለቀለቃችሁትም፤ ሳሙና አረፋ ይገድላል።” እንደገና አለቀለቅን። ሲቀዳ አረፋው ነጭና ወፍራም ሆኖ ቆመ፤ መልኩ ወርቅማ ነው። እሳቸው ከብርጭቆ አልጀመሩም። ጥቂት መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ፤ በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት፤ ከዚያ ላሱት። የዜና መዋዕሉ አሳላፊ ላፍቶ ውስጥ በሻሽ ተቀምጦ አየነው።

“ሙዝ ሙዝ ይላል። ቅርንፉድ አድርገውበታል?” ብለው ጠየቁ። ምንም አላደረጉበትም፤ ያን ሽታ የሚያወጣው እርሾው ራሱ ነው አልናቸው። “እርሾው ከሆነ ጥሩ እርሾ ይዘዋል፤ ለሰው እንዳያበድሩት” አሉ። እንደገና ቀመሱ። “ሲገባ የሚጣፍጥ ይመስላል፤ ሲወርድ ደረቅ ነው። መራራው ኋላ ነው የሚመጣው፤ ቶሎም ይሄዳል። ጉሮሮ አይከረክርም።” ትንሽ ቆዩና “ኃይለኛ ነው፤ ግን አይጮህም” አሉ። አልኮሉ 9.5 መሆኑን ገና አልነገርናቸውም ነበር።

“እና ጉድለት የለውም?” አልናቸው። “ጭስ የለውም። ዕቃውን በወይራ አላጠኑትም።” የሚጠምቁት መነኮሳት መሆናቸውን ስንነግራቸው ፈገግ አሉ፤ “የገዳም ከሆነማ ዝክር ነው፤ በጉድለቱ አንናገርም። ያልቸኮለ ሰው ሥራ ነው።” ፍርዱ ይህ ነው። እኛ በሃምሳው ወረቀት ላይ 43 ሰጥተን ነበር፤ ሁለት ገጽ ሞልተናል። እሳቸው በአራት ቃል ጨረሱት።

5. ስንፈርድ ተፈረደብን

ከዚያ የራሳቸውን ጠላ ቀዱልን። እኛም ወረቀታችንን ይዘናልና፣ ሰውም ሞቅ ብሎታልና፣ “ይህንንም እንዳኝ” አልን። ሽታ፤ ጭስ አለው፤ ወረቀቱ በብዙ ወገን ላይ ጭስን ነውር ይለዋል፤ ቀነስን። መልክ፤ ጠቆር ያለና ያልጠራ፤ ቀነስን። ጣዕም፤ ኮምጠጥ ይላል፤ ቀነስን። አረፋው ቶሎ ይጠፋል፤ ቀነስን። ስንደምር 19 ከ50። የላፍቶው ጓደኛችን ወረቀቱን አየና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። “እኔ በዚህ 19 ነው የተማርኩት” አለ።

ያን ጊዜ ነው በመጀመሪያ ያዙልን ያልናችሁ ነገር የገባን። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ወረቀቱ የጠላን ወገን አያውቅም። ላምቢክ በኮምጣጣነቱ ነጥብ የሚያገኘው ኮምጣጣነቱ በጽሑፍ ስለተቀመጠለት ነው። በትሪፕል ሕግ ላምቢክ ቢዳኝ እሱም 19 ያገኝ ነበር። ጠላ የወደቀው ጣዕም አንሶት አይደለም፤ ጸሐፊ ስላጣ ነው። የእኛ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። እትዬ ወረቀት አልያዙም ብለን ሕግ የላቸውም አልን። ሕግ ግን ነበራቸው፤ በቃላቸው።

ስለዚህ እስክሪብቶውን አዙረን ጠያቂ ሆንን፤ እሳቸው አስተማሪ። ጉሽ ማለት ገና ያልደረሰ፣ ድፍርስና ጣፈጥ የሚል፣ ሆድ የሚነፋ ነው። ጠለል ያለው ረግቶ የጠራው ነው። ቅራሪ ድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው፤ ለእኩለ ቀን ሠራተኛና ለልጅ። ጌሾው ቅጠሉና እንጨቱ ሥራቸው ይለያያል፤ ቅጠሉ ለጥንስሱ፣ እንጨቱ ለድፍድፉ። ቂጣው ከጠቆረ ጠላው ይጠቁራል፤ ካረረ ግን ይመራል፤ የእሳቱን ልክ የሚያውቅ ዓይን ነው። ጋን የሚታጠበው በግራዋ ነው፤ የሚታጠነው በወይራ ነው፤ “ያልታጠነ ጋን ያልተጠመቀ ልጅ ነው፤ ስም የለውም” አሉን። በአንድ ከሰዓት ሠላሳ አንድ የጠላ ቃል ጻፍን። ከእነዚህ ውስጥ አምስታችን ተደምረን ቀድመን የምናውቀው ዘጠኝ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ ለእሳቸው ነበረን። ጎፋዋ ጓደኛችን ከግብርና ተማሪ የሰማችውንና ኋላ አንብበን ያረጋገጥነውን ነገረቻቸው። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ የገብሳችንን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደንቋል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ የገብስ ዘር ሰብስበው ሄዱ። ከዚያ ዘር ውስጥ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚሸፍነውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ተገኘ። ከ1979 ጀምሮ ይህ ባሕርይ በአውሮፓ የቢራ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ እየገባ ብዙዎቹን ከበሽታ ጠብቋል። እንግዲህ ከአውሮፓ በጠርሙስ በሚመጣልን ቢራ ውስጥ፣ በዚህም ቢሆን፣ የእኛ ገበሬ ድርሻ ሊኖር ይችላል።

እትዬ አዳምጠው ሲያበቁ አልተገረሙም። “እና ገብሱ የእኛ ከሆነ፣ እነሱ የጨመሩበት መታገስን ነው” አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። ገብሱ ተወዷል፤ ጌሾው ተወዷል፤ ማገዶው ተወዷል። ወጣቱ ወደ ድራፍት ሄዷል። ሰፈሩ ለልማት ይነሣል የሚል ወሬ በየጊዜው ይመጣል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወይራ ማጨስ አይቻልም። መታገስ ቦታ ይፈልጋል። የቤልጅጎቹ ገዳም ሲዘጋ ተመልሶ የተከፈተው ግድግዳው ስለነበረ ነው፤ የላፍቶዋ ጋን ግን ግድግዳዋም ቅርሷም እትዬ ራሳቸው ናቸው።

6. በማግስቱ

ልንወጣ ስንል ያዘጋጀነውን አዲስ ወረቀት አነበብንላቸው። የጠላ ዳኝነት ወረቀት ብለነዋል፤ ለጭሱ 10፣ ለጌሾው 10፣ ለመድረሱ 10፣ ለጥራቱ 5፣ ለአፉ 15። እንዳሰቡ ቆዩና “አንድ ጎድሏል” አሉን። “ማግስቱ የለም። ጠላ የሚፈረደው በማግስቱ ነው። ሰውየው ራሱን ሳያመው ተነሥቶ ሥራው ከሄደ ጠላው ጥሩ ነበር። ሌላው ወሬ ነው።”

ይህን ከሃምሳው ወረቀት ውስጥ ፈልገን አላገኘነውም። የውጭው ዳኛ ብርጭቆውን ይዳኛል፤ እትዬ ሰውየውን ነው የሚዳኙት። የአሳላፊውም ፈተና ይኸው አልነበረም? ጌታው ነገ ይነሣል ወይስ አይነሣም? እንግዲህ የእኛ አገር የመቅመስ ታሪክ ከመዳፉ እስከ ማግስቱ አንድ መስመር ነው፤ መጠጥ የሚለካው ለሰው ባደረገው ነገር ነው።

በማግስቱ ሁላችንም በሰዓቱ ተነሣን፤ ራሱን ያመመው የለም። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ኮርስ የቤተሰብ ታሪክ ስንጽፍ “የእናት ሥራ” ከሚለው ፊት የላፍቶው ጓደኛችን ምን እንደሚጽፍ ሳናይ ማለፍ አልቻልንም። “ጠላ ጠማቂ” ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ውድ የክፍል ጓደኞቻችን! ከእናንተም ውስጥ እናቱ “ነጋዴ” የሆነች ሞልቷል፤ እናውቃለን። ክረምት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ። የስዋውን፣ የፋርሶውን፣ የቦርዴውን፣ የኮረፌውን፣ የጠጁን ቃል ከእናቶቻችሁ አፍ ጻፉና ለዚህ መጽሔት አምጡት፤ አንድ እትም በሙሉ እንሰጠዋለን። ሁለተኛዋን የቤልጅግ ጠርሙስ አልከፈትናትም። እትዬ ጋ፣ ከጋኑ አጠገብ ጨለማ ቦታ ተቀምጣለች፤ “ትክረም፤ ስትመረቁ እንፈርድባታለን” ብለውናል።